ለመመዝገብ የመጡት ጣጣዎች

የአቶ ደምሴ የእግር እብጠት ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ያለ አቶ ደምሴ፣ ብቻውን ሆስፒታል መጣ። በደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የጥናቱን ቢሮ አንኳኳ። ግባ ሲባል ገባና ሁለት ወንበር አጠጋግቶ ተቀመጠ፤ አንዱ አልበቃውም ነበር።

ቢሮው የሲስተር እቴነሽ ሽብሩ ነው። እቴነሽ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ባሉት ዘጠና ቀናት ምን ምን ችግር እንደሚገጥማቸው የሚመዘግብ ጥናት ታስተባብራለች። ጥናቱ ሁለት መስመር የሚሞላ ስም አለው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ከጽዳት ሠራተኞቹ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ «የጣጣ ጥናት» ይሉታል። ሥራዋ ስልክ መደወልና ቅጽ መሙላት ነው። ደብረ ብርሃን አቶ ደምሴ ዘንድ የደወለችው ገና በዋዜማው ነበር። እግርዎ አብጧል ወይ ስትላቸው፣ «ኧረ ደህና ነኝ፣ ተመስገን! ዶክተሩን ሰላም በይልኝ» አሏት። እሷም «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች።

«አለሁ» አለ እብጠቱ። «ዘጠኝ ቀኔ ነው። ጉልበት ጋ ደርሻለሁ።»

ሃያ ዓመት ነርስ ሆኖ የሠራ ሰው በትንሽ ነገር አይደነግጥም። እቴነሽ ተነስታ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ የጣቷ ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ። ከዚያ የድሮውን ምልክት ሰረዘች፣ «አለ» የሚለው ላይ አዲስ አደረገች፣ ቀን ጽፋ ፈረመች። እብጠቱ አመሰገነና ቀስ እያለ ወጣ። እሷ ስልኩን አነሳች።

«አቶ ደምሴ፣ እብጠትዎ እኔ ጋ መጥቶ ነበር።»

«ምነው እሱ! አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት?»

«ለምን ደበቁኝ?»

«እንዴ ሲስተር! ሰውየው ሰባት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ልቤን ሠርቶልኝ፣ እግሬ አበጠ ብዬ ስሞታ ላቅርብበት? ነውር አይደለም?»

«አሁን አብጧል ወይስ አላበጠም?»

«አብጧል» አሉ በትንሽ ድምፅ።

ይኼን ባሉበት ቅጽበት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ያረፈው እብጠት ጠፋ። የጥበቃው ጋሽ ወርዶፋ አይተዋል። ባለቤቱ ካመነው በኋላ ውጭ የሚቆይበት ምክንያት አልነበረውም። አቶ ደምሴ በማግስቱ በሚኒባስ መጥተው የሚያሸና መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ በሳምንቱ ጫማቸው ልክ ሆነላቸው።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ሰሙ። የወይዘሮ አጸደ ትንፋሽ ማጠር መጣ፤ ቀጭንና ረጅም ነው፣ በየፎቁ እየቆመ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። የአንዱ ወጣት ትኩሳት በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርቦ መጣ። ያልጠገገ የደረት ቁስል፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ጊዜው የሚዘል የልብ ምት፣ ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር። ጋሽ ወርዶፋ ካርድ የሌለው አይገባም ብለው ሁለት ቀን ከተከራከሩ በኋላ፣ ካርዳቸው ባለቤቶቻቸው ጋ መሆኑ ሲገባቸው ተዉት።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ናሆም የወሩን ሪፖርት ይዞ እየተጣደፈ መጣ።

«ሲስተር፣ ባለፈው ወር አራት ጣጣ ነበረን። አሁን ሠላሳ አንድ ይላል። ማነው የነገረሽ?»

«ራሳቸው።»

ዶክተር ናሆም በበሩ ስንጥቅ ወደ ኮሪደሩ ተመለከተ። «የፈቃደኝነት ቅጽ ፈርመዋል?»

«ባለቤቶቻቸው ፈርመዋል።»

«እንግዲያው ይሁን» አለና ሄደ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ነው የሚፈራው።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ አንድ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ደረቱን የቆለፈ ጥቁር ቀይ ሹራብ የለበሰ እንግዳ ገባ። በሕማማት ሰላምታ ስለማይፈቀድ አንገቱን ዝቅ ብቻ አደረገ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ተቀመጠ።

«ምን ልበልዎት?» አለች እቴነሽ እስክሪብቶዋን እያነሳች።

«የረጋ ደም ነኝ።»

«ቁጥርዎ?»

«ዜሮ አርባ አንድ።»

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ዝርዝሩን ማየት አላስፈለጋትም። ዜሮ አርባ አንድ አባቷ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱት፣ ከአርባ ሰባት ቀን በፊት የልባቸው በር በብረት የተተካላቸው አቶ ሽብሩ። የብረት በር ደም እንዳያረጋ በየቀኑ አንድ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ይዋጣል። ቅጹን ያስፈረመቻቸው ራሷ ናት፤ በየሳምንቱ የምትደውልላቸውም ራሷ ናት። ሰባት ጊዜ ደውላ ሰባት ጊዜ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን» ብለዋታል።

«መቼ ነው የጀመሩት?» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ገና ነኝ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምሄደው። ዓርብ ስቅለት ስለሆነ ቢሮ ይዘጋል ብዬ ቀድሜ መጣሁ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ጭንቅላት» አለ በትሕትና።

ገና ያልደረሰን ነገር መመዝገብ በጥናቱ ደንብ እንደማይቻል ነገረችው። እውነቷን ነው፤ «የጀመረበት ቀን» የሚለው ቦታ ላይ የወደፊት ቀን አይጻፍም። እንግዳው አልተከፋም። «እንግዲያው ሐሙስ ድረስ ልጠብቅ» ብሎ ወንበሩን ወደ ጥግ ሳበ።

«የሚያስቀርዎት ነገር አለ?»

«ባለቤቴ ከጠራኝ ወደ ጠራኝ ቦታ እሄዳለሁ» አለ። «ካልጠራኝ ወደሚመቸኝ።»

በዚያ ቀን እቴነሽ አልተቀመጠችም። መስኮት ጋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ የተሞሉ ቅጾችን እንደገና ደረደረች፣ ውሃ ቀድታ ሳትጠጣ አስቀመጠች። አባቷ ጋ ደወለች። ደህና ነኝ አሏት። ነገ ና አለቻቸው።

«በሕማማት? ስግደቴን ትቼ?»

«አባባ፣ ግራ እጅህ ይደነዝዝሃል?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ! ይልቅ አንቺ ምሳ በልተሻል?»

ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። እሷ ላይ ታች ስትል እንግዳው ጥጉ ላይ ባርኔጣውን ይዞ፣ ከግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ተቀመጠ። ረቡዕ ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ አባቷ ቤት ሄደች። ኪኒኖቹን ከመሳቢያው አውጥታ አልጋው ላይ ዘርግታ ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ትርፍ ነበር።

«ፋርማሲው አብዝቶ ሰጥቶኝ ነው» አሉ አባቷ።

«አትዋሸኝ!» ብላ ጮኸች። በሕይወቷ አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። ሁለቱም ደነገጡ። አቶ ሽብሩ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሱ መለሱና፣ ቢሮሽን ለማየት ያህል ነገ እመጣለሁ፣ ከቅዳሴው በፊት ግን ትለቂኛለሽ አሉ።

ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረሱ። እቴነሽ አልጋ አስይዛለች፤ ዶክተር ናሆምም መርፌውንና ግሉኮሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ ደማቸው ተቀዳ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ። ቁጥር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» የሚል ታትሞበታል።

ዶክተር ናሆም ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። «በዚህ ወረቀት መድኃኒት መጀመር አልችልም። የሚያደማ መድኃኒት ነው፤ ሳይቸግራቸው ብሰጣቸው እኔ ነኝ የምገድላቸው። አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም። እናንተ እያላችሁ ምን ጎደለብኝ?»

ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። ትንሹ እንግዳ ከቢሮው ወጥቶ አጠገባቸው መጣ። አቶ ሽብሩ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡት።

«ለሕክምና ነው?» አሉት።

«አይደለም። የእርስዎ ነኝ።»

አቶ ሽብሩ ሹራቡን፣ ከዚያም ባርኔጣውን አዩ። ግራ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። «ልጄ ታውቃለች?»

«ከሰኞ ጀምሮ አብረን ነን።»

ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው እቴነሽ ሲሚንቶው ላይ፣ አባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። ነጭ ጋዋኗ ቆሸሸ። ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ የያዘችው ነገር አፏ ላይ መጣ።

«አባባ፣ ፈርቻለሁ። እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ።»

አቶ ሽብሩ ራሷን ዳሰሷት። በቀኝ እጃቸው ነበር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ» አሉ፣ «አንድ ሰው አልገጨሁም። መዝገቤ ንጹሕ ነው። ይኼኛው መዝገብ ደግሞ ያንቺ ነው። በአባቷ ተበላሸባት እንዲባል አልፈለግኩም።»

«አበላሸው» አለች እቴነሽ። «አባባ፣ እባክህ አበላሽልኝ።»

የግድግዳው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀረው። እንግዳው ተነስቶ ሹራቡን አስተካከለ። አቶ ሽብሩ አገጫቸውን ነጠላው ውስጥ ቀበሩ፤ ከዚያ እንደ ሌባ ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ። ኪኒኑን ከተዉ አሥራ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ኪኒኑ ድዳቸውን እያደማ ትራሱ ሲበላሽ አፈሩ። የጾም ጎመን ደምን ያጸዳል ያላቸው ሰው ነበር፤ በኪኒኑ ፈንታ ጠዋት ማታ ጎመን በሉ። ግራ እጃቸው ከእሑድ ጀምሮ የእሳቸው አልመስል ብሏቸዋል። አሟቸዋል። በጣም አሟቸዋል።

እያንዳንዱን ነገር ሲናገሩ በዶክተር ናሆም እጅ ያለው ወረቀት ላይ ቀለሙ እየለቀቀ፣ በምትኩ ቁጥር እየወጣ ሄደ። ቁጥሩ መጥፎ ነበር። ዶክተሩ ሮጠ። አልጋው መጣ፣ መርፌው ቀኝ ክንዳቸው ገባ፣ ግሉኮሱ ተሰቀለ።

አቶ ሽብሩ ተጋድመው ግራ እጃቸውን ከነጠላው አወጡና ወደ ትንሹ እንግዳ ዘረጉት።

«ና እንግዲህ» አሉት። «በዚህ በኩል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ እንግዳው። ባርኔጣውን ለእቴነሽ አቀብሏት አልጋውን ተከትሎ ወደ ሕክምና ክፍሉ ገባ፤ በሩን ከኋላው ዘጋ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆነ።

ቤተሰብ አይገባም ተባለች። ሃያ ዓመት ለሌሎች ስትል የኖረችውን ቃል ስትሰማ ተናደደች፣ ግን ቆመች። በሩ መስታወት አለው። ቅጹን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ሞላች፤ ቁጥር ዜሮ አርባ አንድ፣ የጣጣው ዓይነት፣ የጀመረበት ቀን ዛሬ፣ ሰዓት ዘጠኝ። ፊርማዋ ተጣመመ። ቀና ብላ አየች።

ዶክተር ናሆም ጀርባውን ሰጥቶ መሣሪያውን ያነባል። የልብ ምቱ ሰባ ሁለት ይላል። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሁለቱም እጆቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የግራ እጃቸው ጣቶች አንድ በአንድ ሲንቀሳቀሱ አየች፤ እስከ አምስት ቆጠረች።

ያኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ሦስተኛ እጅ ወጣ። የእንግዳው ትንሽና ንጹሕ እጅ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አባቷ አንገት ድረስ በጥንቃቄ ሳበላቸው፣ ጫፉን አስተካከለ። ከዚያ አልጋውን አልፎ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ፣ አባቷ እንዲተኙ የመብራት ማጥፊያውን በዳበሳ ይፈልግ ጀመር።