የሸምበቆው ቤት ሦስተኛ ምዕራፍ

ሕዝቅያስ መሰላል ላይ ቆሞ የኢንተርኔት ገመድ ከኮርኒሱ ሥር ሲስብ፣ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ካርቶን ውስጥ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ቀይ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ላይ ነጭ ሸምበቆ፣ ከሸምበቆው መሀል ደግሞ በአንድ እግሩ የቆመ ልጅ ተሥሏል። ገመዱ ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

ሱቁ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ነበር። ለብዙ ዓመት ፊልም ሲያከራይ ኖሮ አሁን ሊዘጋ ነው። ሕዝቅያስን የጠራው ቦታውን የተረከበው የስልክ መለዋወጫ ነጋዴ ሲሆን፣ የቀድሞው ባለቤት፣ አያቶቻቸው ከሕንድ የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ የተረፉትን ዲቪዲዎች በየካርቶኑ እየከተቱ ነበር።

ከመሰላሉ ወርዶ ሣጥኑን አነሣው። ጀርባው ላይ «ሦስተኛ ምዕራፍ፤ ሙሉው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። እንዳይሰበርበት የፈራ ይመስል በሁለት እጁ ያዘው።

«ውሰደው» አሉት ሰውየው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «አሁን ማን ዲቪዲ ያያል? ለመሆኑ ማጫወቻ አለህ?»

እሱ ማጫወቻ የለውም። ማጫወቻ ያለበትን ቤት ግን ያውቃል።

ያ ቤት ካሳራኒ ሰፈር ነው፤ ልጅ ሆኖ ቅዳሜ ከሰዓትን ሁሉ ያሳለፈበት የጋሽ ባንታየሁ ቤት። ጋሽ ባንታየሁ ደሴ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ናይሮቢ ከመጡ በኋላ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆነው ይሠሩ ነበር። በፎቁ ከሚኖሩት ስደተኞች ቴሌቪዥን የነበራቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ የሕንፃው ልጆች ሁሉ ምንጣፋቸው ላይ ይኮለኮላሉ። የሚያዩት የጃፓን ተከታታይ የትግል ፊልም ከገበያ የተገኘ ኮፒ ነው። ንግግሩ ጃፓንኛ፣ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ፤ ልጆቹ ደግሞ አዲስ መጤ ስለሆኑ አንዱንም አያውቁም። እናም ጋሽ ባንታየሁ ከቴሌቪዥኑ ጎን ወንበር አስጠግተው፣ እያነበቡም እየፈጠሩም በአማርኛ ይተርኩላቸዋል።

የትግል ትምህርት ቤቱን «የሸምበቆው ቤት» አሉት። ሽማግሌውን አስተማሪ «የኔታ»፣ ችኩሉን ደቀ መዝሙር ደግሞ «ጎበዜ» ብለው ሰየሙ። ጎበዜ ዘሎ በሁለት እግሩ ሲማታ «እነሆ! የአህያ እርግጫ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ልጆቹም እየተንከባለሉ ይስቃሉ። ከሁሉም በላይ የሚስቀው የእሳቸው ልጅ፣ የሕዝቅያስ የልብ ጓደኛ ኤልናታን ነበር።

የሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ጎበዜ ከየኔታ ጋር ተጣልቶ፣ መቀነቱን መሬት ላይ ጥሎ፣ በዝናብ ወጥቶ ሄደ። እዚያ ላይ አለቀ። ሦስተኛው ምዕራፍ በከተማው ተፈልጎ ጠፋ። ልጆቹ ሲያለቃቅሱ ጋሽ ባንታየሁ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው፣ ጥቁሩን መስተዋት እያሳዩ ቀሪውን ከራሳቸው ተረኩላቸው። ጎበዜ ተመለሰ። በሩ አልተቀረቀረም ነበር። የኔታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ኖሮ ዞር ሳይሉ «እራትህ ቀዝቅዟል» አሉት። በቃ። ልጆቹም አምነው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሕዝቅያስ ይህን እያሰበ በቲካ መንገድ በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ሲጓዝ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። ደስ ብሎታል። ደስታው የደበዘዘው ካሳራኒ ሲቃረብ ነው።

ኤልናታን ካደገ በኋላ ኮሌጁን አቋርጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ አለ። አባትየው በሩ ላይ ቆመው «ከወጣህ አትመለስ» አሉት። ሄደ። ከዓመታት በኋላ እናቱ ወይዘሮ ወርቂቱ ሲያርፉ አልመጣም፤ በእጁ ያለችው የስደተኛ ወረቀት ከደቡብ አፍሪካ አንዴ ካወጣችው መልሳ አታስገባውም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ባንታየሁ የልጃቸውን ስም ጠርተው አያውቁም። ኤልናታን ግን ከደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ለሕዝቅያስ ይደውላል። «አባዬ ደኅና ነው? ዓይኑስ?» ይላል። ሁልጊዜም የሚዘጋው በአንድ ቃል ነው፦ «እሱ ካልጠየቀህ አትንገረው።» እሳቸውም ጠይቀው አያውቁም።

ከሕንፃው ሥር ሱቅ ያላት ኩለሱም ሕዝቅያስን ስታየው በጋዜጣ የተጠቀለለ ቻፓቲ አቀበለችው። ጋሽ ባንታየሁን እንደ ሰፈሩ ሰው በስዋሂሊ «ምዜ»፣ ሽማግሌው፣ ትላቸዋለች። «ምዜ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም» አለችው። «አንተ ካልካቸው ይበላሉ።»

ጋሽ ባንታየሁ ደረጃው ላይ አረማመዱን ለይተው፣ ሳያንኳኳ «ግባ፣ ሕዝቄ» አሉ። ግላኮማ ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ጋርዶባቸው አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው። ዛሬም ግን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል።

ሣጥኑን እጃቸው ላይ አኖረላቸው። በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት።

«ምንድን ነው?»

«የሸምበቆው ቤት ነው፣ ጋሼ። ሦስተኛው ምዕራፍ።»

የሳቁት ሳቅ ሕዝቅያስ ለረጅም ጊዜ ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ ነበር። «አሁን? ዓይኔ ከጠፋ በኋላ?» አሉና ሣጥኑን መለሱለት። «በል ክፈተው። አሁን የምትተርክልኝ አንተ ነህ።»

ማጫወቻው አቧራ ጠግቦ ነበር። አንድ ሁለቴ እምቢ ካለ በኋላ ዲስኩን ዋጠው፤ ያ የጥንቱ የከበሮ ዜማ ክፍሉን ሞላው። ያ ምንጣፍ፣ የወይዘሮ ወርቂቱ የቆሎ ሣህን፣ ጎኑን በክርኑ የሚጎስመው ኤልናታን፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ሕዝቅያስ ተመለሱ።

«እሺ… አሁን ጎበዜ መንገድ ላይ ነው። እየሄደ ነው።»

«እንዴት ነው የሚሄደው? ሰው ሁሉ ይሄዳል።»

ሕዝቅያስ አስተውሎ አየ። «እ… አንገቱን ደፍቷል። ጫማው ተቀዷል። አንድ ሰው ሲያልፍ ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞራል።»

«እንደሱ በል።»

መጀመሪያ ላይ ተንተባተበ፤ እንግሊዝኛው ቀድሞት እየመጣ «ፋይቱ»፣ «ሲኑ» ሲል ጋሽ ባንታየሁ በትዕግሥት ያርሙታል። ቆይቶ አፉ ተፈታ። ጎበዜ በወንዝ ዳር ከሽፍቶች ጋር ሲገጥም ሕዝቅያስ ሳያስበው ከወንበሩ ተነሥቶ «የአህያ እርግጫ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ቻፓቲውንም ሳያውቁት ጨረሱት።

«ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አንዘልቀውም» አሉ በመጨረሻ። «ቀሪውን ሌላ ጊዜ ታነብልኛለህ። አሁን ፍጻሜውን አሳየኝ።»

ሕዝቅያስ የመጨረሻውን ዲስክ ከተተ።

ጎበዜ ጎልማሳ ሆኗል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ። በረዶ በሸፈነው የተራራ መንገድ ወርዶ ወደ ሸምበቆው ቤት ይመጣል። ሕዝቅያስ ይህን ሁሉ ነገራቸው። በሩ ጋ ሲደርስ እጁን አንሥቶ ሳያንኳኳ መቆየቱንም ነገራቸው። ጋሽ ባንታየሁ ወደ ድምፁ አዘነበሉ፤ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ጨብጧል። ያኔ ነው ሕዝቅያስ ምን ይዞላቸው እንደመጣ የገባው።

ጎበዜ በሩን ገፋው። ቤቱ ባዶ ነበር። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ የልምምድ በትሮቹ አቧራ ለብሰዋል። አንዲት ጎረቤት አሮጊት ከኋላው መጥታ ተናገረች፤ ከሥር የተጻፈውን ሕዝቅያስ ለራሱ አነበበው።

«ገባ?» አሉ ጋሽ ባንታየሁ።

«ገባ» አለ። «ገባ… የኔታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ዞር አላሉም። 'እራትህ ቀዝቅዟል' አሉት።»

ጋሽ ባንታየሁ ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብለው ጥቂት አዳመጡ።

«የምትናገረው ሴት ናት» አሉ በቀስታ። «የኔታ ደግሞ ሴት አይደሉም። ያኛውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሕዝቄ። አንተ የምታየውን ንገረኝ።»

ሕዝቅያስ አፈረ። ምስሉን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ጀመረ። ባዶውን ቤት ነገራቸው። አሮጊቷ ለጎበዜ ያለችውንም ነገራቸው፦ የኔታ ብዙ ክረምት ጠብቀው፣ በመጨረሻ በትራቸውን ይዘው እሱን ፍለጋ ወጡ፤ እሳቸው የሄዱት በወንዙ መንገድ ነው፣ እሱ የመጣው በተራራው። ጎበዜ አላለቀሰም። ጓዙን እንኳ ሳያወርድ ወደ ወንዙ ዞረ። ከዚያ ሌላ አገር ይታያል፤ የኔታ አንድ ጀልባ ቀዛፊን ስለ አንድ ልጅ ይጠይቃሉ፣ የልጁንም ቁመት በእጃቸው ያሳያሉ። የሚያሳዩት ቁመት የሕፃን ነው።

«ከዚያስ? ተገናኙ?»

«አይታይም፣ ጋሼ። እዚያ ላይ ነው ያለቀው።»

የመዝጊያው ዘፈን አለቀ። ከታች የማታቱ ጡሩምባና የኩለሱም ሬዲዮ ይሰማሉ። ሕዝቅያስ «ይቅርታ» ሊል ፈልጎ፣ ይቅርታው ስለ ምን እንደሆነ ማወቅ አቃተው።

«እኔ የኔታን እቤት አስቀመጥኳቸው» አሉ ጋሽ ባንታየሁ። «በሩን ከፈት አድርገው እንዲጠብቁ። ይበቃል ብዬ ነበር።» ኮታቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ያ የጃፓን ደራሲ ግን ሽማግሌውን አስነሣቸው።»

ሕዝቅያስ ማጫወቻውን አጠፋ።

«ስልክ ቁጥሩ አንተ ጋ አለ፣ አይደል?»

የማን ስልክ እንደሆነ አልተናገሩም። «አለ» አለ ሕዝቅያስ። «ይደውልልኛል። ሁልጊዜ ስለእርስዎ ይጠይቃል። 'ካልጠየቀህ አትንገረው' ብሎኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሳልጠይቅህ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር የምጠብቀው» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «እናቱ ስትሞት ለምን እንዳልመጣ አውቃለሁ። ያኔም አውቄው ነበር። በል ደውልና ስጠኝ። አንተ አታናግረው።»

ደወለና ስልኩን መዳፋቸው ውስጥ አኖረላቸው። ጆሯቸው ላይ አስጠጉት። ጥሪው ጮኸ፤ ጮኸ። ሕዝቅያስ ባያነሣው ብሎ ተመኘ፤ ወዲያው ደግሞ በተመኘው አፈረ።

ስልኩ ተነሣ።

«ሄሎው?»

ቀጭን የሕፃን ድምፅ ነው። ሕዝቅያስ ዓይኑን ጨፈነ። ኤልናታን ልጅ እንደወለደም አልነገራቸውም ነበር።

ጋሽ ባንታየሁ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው መልሰው አስጠጉት። የተሳሳተ ቁጥር መስሏቸው ሊዘጉት ነበር። ግን አልዘጉትም።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ በአማርኛ፣ በዝግታ። «ስምሽ ማነው፣ እናቴ?»

ከወዲያ ማዶ የልጅቱ ትንፋሽ ይሰማል። ቀጥሎ ስልኩን ከአፏ አርቃ ወደ ቤቱ ውስጥ ተጣራች፤ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ጋሽ ባንታየሁ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰሙት።

«ዳዲ! አንድ ሰውዬ ነው። ልክ እንዳንተ ነው የሚያወራው!»

ከሩቅ አንድ የብረት ዕቃ ወለል ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ቀጥሎ የሰው እርምጃ፣ ወደ ስልኩ እየቀረበ። ጋሽ ባንታየሁ በአንድ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ፈልገው ያዙ፤ ትልቅ እንግዳ እንደገባበት ሰውም ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።