የሐምሌ ሁለት ድግስ

ሐምሌ ሁለት የደቡብ ሱዳን የነጻነት ቀን ነው። አቾል ከሲቀላ ገበያ የገዛችውን የጫሞ ዓሣ በባሚያ ሠርታ፣ ክፍሉን ጠራርጋ፣ ኛማልን ትጠብቃለች። ሁለቱ አርባ ምንጭ ለትምህርት ከመጡ ወዲህ በዓሉን ሳያከብሩት ያለፈ ዓመት የለም። መጀመሪያ ጊዜ የሀገራቸው ልጆች ግቢውን ሞልተው እስኪደክማቸው ጨፍረው ነበር። እዚያ ጦርነቱ ሲያገረሽ ግን እዚህ ያለው ተማሪም ተከፋፈለ፤ ዲንካው ከዲንካ፣ ኑዌሩ ከኑዌር ሆነ፤ ሰላምታ እንኳ ቀረ። ዲንካዋ አቾልና ኑዌሯ ኛማል ብቻ በአንድ ክፍል አብረው ዘለቁ።

ኛማል "የፈለገ ይምጣ፣ ያልፈለገ ይቅር፤ እኛ እናከብራለን" ብላ ነበር ሙዝና ለስላሳ ልትገዛ የወጣችው። ስትመለስ እጇ ላይ ከስልኳ በቀር ምንም የለም። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ምን ሆንሽ?" አለቻት አቾል።

"መንደራችንን ትናንት ወታደሮች አቃጠሉት። እናቴ ወንዙን ልትሻገር ስትሮጥ ተኩሰው ገደሏት። አሁን አክስቴ ደወለችልኝ።"

አቾል ልታቅፋት ተንደረደረች። ኛማል እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

"ወንድምሽ የት ነው ያለው?"

የአቾል ወንድም ማጆክ ወታደር ነው። ወደ ኛማል መንደር አካባቢ መላኩን በቅርቡ ነግሯታል፤ እሷ ግን ይህን ከኛማል ደብቃለች። አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ ጊዜ ከአንድ ትሪ እየበሉ ኖረው፣ ፊቷን እያየች መዋሸት አቃታት።

"እዚያ ነው" አለች። "ግን ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አለች ኛማል። ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን ጎተተች።

አከራያቸው ጋሽ ኦይታ ለቅሶ ሰምተው ገቡ። ነገሩን ሲረዱ ተመልሰው ወጡና ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው መጡ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው በልጆቹ መሐል ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ እንዲህ ከለመነ እሱን አልፎ የሚሄድ የለም።

"ልጆቼ፣ ስለ እግዚአብሔር! እዚያ የፈሰሰው ደም እዚህ አይለያችሁ።"

ኛማል እያለቀሰች ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

"ጋሼ፣ ይነሡልኝ። አቾልን አልጠላኋትም። ግን አጠገቤ ተኝታ ስትተነፍስ ወንድሟን ነው የማስበው። እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?"

ሽማግሌው ሻንጣውን ራሳቸው ተሸክመው እስከ ባጃጁ ሸኟት። ኛማል የከተማው ላይኛ ሰፈር ሴቻ፣ የክፍሏ ልጅ ኑኃሚን ቤት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ማጆክ ደወለ። ከበስተኋላው ዘፈንና ጭብጨባ ይሰማል።

"እንኳን አደረሰሽ፣ እህቴ!"

አቾል "እንኳን አብሮ አደረሰን" አላለችም። የኛማልን መንደር ስም ጠራችለት። "ትናንት እዚያ ነበርክ?"

ዘፈኑ እየራቀ ሄደ።

"ዛሬ እኮ በዓል ነው" አላት። "እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂኝ።"

ስልኩን ዘጋችው። ዓሣውን ማንም ሳይቀምሰው ለጎረቤት ውሻ ደፋችው። ወንድሟ ያላትን ለጋሽ ኦይታም ለማንም አልነገረችም።

በማግስቱ ጥቁር ለብሳ ሴቻ ወጣች። የኑኃሚን ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ድንኳን ባይተከልም አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ሰላምታ የነፈጓት የኑዌር ልጆች ተቀምጠውበታል። ሲያዩዋት ወሬያቸውን አቋረጡ። ኛማል ከመሐላቸው ቀና ብላ አየቻት፤ ግቢም፣ ሂጂም አላለቻትም።

አቾል ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።