የኦቾሎኒው ተረካቢ

ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንዲት የኦቾሎኒ ፍሬ ቀምሳ፣ ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ሐኪም ቤት የደረሰችው ለጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ በቅጡ ተኝታ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት እጅ ታስታጥባለች፤ ልደት ሲጠሩ ኬኩን ከባለልደቱ ቀድማ የምታሸተው እሷ ናት። ስለ ጎረቤታቸው በቀቀን እንኳ «ምን ብታበሉት ነው እንዲህ የሚለፈልፈው?» ብላ ጠይቃለች። ሰው ቢስቅባት ግድ የላትም። የሚስቀው ሰው ያን ቀን የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ አልነበረም።

አሁን ግን መብረር የግድ ሆነ። የልጅቷ አባት ባሕር ማዶ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ውሉ ሳያልቅ መምጣት አይችልም፤ ልጁን በስልክ ብቻ እያየ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በመርከብ እንዳይሄዱ መንገዱ ቀናት ይፈጃል፣ የመርከብ ወጥ ቤት ደግሞ ምን እንደሚቆላ ማን ያውቃል? አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ብቻ ነው። አራት ሰዓት እንግዲህ፣ ከደመና በላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ቤት ውስጥ፣ ኪሳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ከማይታወቅ ሰዎች ጋር።

የልጇን ነገር ለማስመዝገብ ወደ አየር መንገዱ በየቀኑ ደወለች። በመጨረሻ ስልክ የምታነሳው ወጣት ድምጿን ለየቻት።

«እናቴ፣ እርስዎ ነዎት? ተመዝግቧል አልኩዎት እኮ።»

«የመዘገበችው ልጅ ፈቃድ ብትወጣስ?»

«የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ብወጣም አውሮፕላኑ ያለእኔ ይሄዳል።»

«እንዲህ ብለሽ ነው የምታጽናኚኝ?»

በበረራው ቀን ልጅቷ መስኮት አጠገብ፣ እናት መሀል፣ መተላለፊያው በኩል ደግሞ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ጠበቃ ተቀመጡ። ልጅቷ መተንፈስ ሲያቅታት ጭኗ ላይ የምትወጋው፣ እስክሪብቶ የምታክል መርፌ አለች። እናት እሷን በትንሽ ቦርሳ አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላታለች።

«እማዬ፣ እኔ ጋ ብትሆን አይሻልም?» አለች ልጅቷ።

«ትጥያታለሽ።»

«ስድስተኛ ክፍል ነኝ እኮ።»

«ስድስተኛ ክፍል ሰው ዕቃ አይጥልም ያለሽ ማነው?»

በሩ እንደተዘጋ የአስተናጋጆቹ አለቃ ማይክራፎን አነሳች። «ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ኦቾሎኒ ለሕይወቷ የሚያሰጋት ልጅ አብራን አለች። እኛ ከምናቀርበው ውስጥ አውጥተነዋል። እናንተም እባካችሁ እስክንደርስ ኦቾሎኒ እንዳትከፍቱ እንጠይቃለን።»

«እንጠይቃለን ነው ወይስ ተከልክሏል?» አለ ጠበቃው እጁን አውጥቶ። «ልዩነት አለው።»

«እንጠይቃለን፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እምቢ ማለትም ይቻላል። እኔ ኦቾሎኒ አልያዝኩም። ነገሩ የመብት ጉዳይ ስለሆነ ነው።»

«ወንድሜ፣» አለች እናት ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «መብትዎ የልጄን ጉሮሮ ነው የሚዘጋው።»

ከኋላቸው አንድ ወፍራም የጨርቅ ነጋዴ ተንጠራርቶ ብቅ አለ። «እህቴ፣ እኔ ደግሞ ለእናቴ አንድ ከረጢት ሙሉ ይዤላታለሁ። አልዋሽሽም፣ ከእሱ ላይ በመንገድ ቀመስ ቀመስ ላደርግ አስቤ ነበር። ጥሬ እኮ አይደለም፣ ተቆልቷል!»

እናት «ተቆልቷል» ሲል ሰምታ የልጇን አፍንጫ በሻርፕ ሸፈነች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ተነሳች። «ለእሷ ከተከለከለላትማ እኔም የተቀቀለ እንቁላል ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል!» አንዱ ደግሞ ብርቱካን ሲላጥ ዓይኑ ያለቅሳል። ሌላው አጠገቡ ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ካለ ነብር እንደሚሆን አስታወቀ። የአስተናጋጆቹ አለቃ ለማንም እንዳታዳላ ተብላ የተማረች ናትና ሁሉንም እሺ አለች። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ጋ ሲደርስ የተፈቀደው ውሃ ብቻ ነበር፤ እሱንም አንድ ሽማግሌ «ሲንቆረቆር ይረብሸኛል» ብለው ተቃውመውታል።

«ለልጄ እኮ የሞት ጉዳይ ነው!» አለች እናት። «የእናንተ ከእሱ ጋር አንድ ነው?»

ይሄኔ የአብራሪው ድምፅ መጣ። «እዚያ ኋላ ጭቅጭቁ ካላበቃ ነገሩን ያስነሳው ሰው ይወርዳል።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ጨመቅ አደረገች። «በቃ ዝም በይ፣ እማዬ። አባዬ ጋ እንድረስ።»

አውሮፕላኑ ተነሳ። የቀበቶው መብራት እንደጠፋ ግን መንገደኛው እርስ በርሱ መጠባበቅ ጀመረ። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው አፉ ውስጥ ይመለከታል። ኪሱ ውስጥ እጁን የከተተ ሁሉ «ምንድነው እሱ?» ይባላል። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበር የሆነው ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲበረብር ኖሮ እጁ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ሲጠሩት ገና የሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ መጣ።

ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ ፈተሸ። እንዴት እንደሚፈትሽማ አይነገር! የሕፃን ጫማ ውስጥ ሳይቀር ገባ። እናት አየችውና አንጀቷ ራሰ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ሳታውቅ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን የለፋችው?

የተገኘው ሁሉ በየዓይነቱ በፌስታል ታሰረ። ፈታሹ የእንቁላሉን ፌስታል አንጠልጥሎ ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ጭን ላይ አስቀመጠላት።

«ምን እያደረግህ ነው?» ብላ ጮኸች።

«እያስረከብኩ ነው። የተያዘ ዕቃ እኔ እጅ አያድርም። ነገ አንድ እንቁላል ቢጎድል ‹ፈታሹ በላው› ነው የምባለው። እኛ ቤት አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ያመለከተ ይረከባል።»

«የሚያጥወለውለኝ እኮ እኔ ነኝ!»

«ለዚህ ነው የማይበሉት። አስተማማኝ ተረካቢ ነዎት።»

ብርቱካኑን ዓይኑ ለሚያለቅሰው ሰውዬ ሰጠው። ማስቲካውን ለነብሩ አስረከበው። እናት ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባት። በሕይወቷ ያላሰበችው ክፉ ነገር የለም፤ መኪና፣ እሳት፣ መብረቅ፣ የተበከለ ውሃ፣ ሁሉንም በየተራ ፈርታለች። ይህን ግን አላሰበችውም። ልትነሳ ስትል ፈታሹ ደረሰና የነጋዴውን ከረጢት ከሌላው የተለቃቀመውን ጨምሮበት እቅፏ ውስጥ ጣለላት። የከረጢቱ አፍ አልታሰረም ነበር። ዱቄቱ ቡን ብሎ እጅጌዋ ላይ አረፈ።

ከወንበሯ እንዴት እንደወጣች፣ በጠበቃው ጉልበት ላይ እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። ከረጢቱን እንደ ተጠመደ ፈንጂ ከራሷ አርቃ ይዛ በመተላለፊያው ሮጠች። ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ።

«ውሰጂልኝ!» አለቻት የአስተናጋጆቹን አለቃ።

«እኛ የመንገደኛ ንብረት አንነካም፣ እናቴ። ርክክቡ ደግሞ ሁሉም ሰው ፊት ነው የተፈጸመው።»

በአውሮፕላኑ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚዘጋ በር ያለው ሽንት ቤት ብቻ ነበር። የኋላኛው ውስጥ ገባችና ቀረቀረችው። ክዳኑ ላይ ከረጢቱን ታቅፋ ቁጭ ስትል አንገቷ ላይ የሆነ ነገር ተወዛወዘ። መርፌዋ ናት። ልጇን ብቻዋን፣ ያለ መርፌ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ትታት መጥታለች።

«ሰው የለም? እባካችሁ፣ ልጄ!» እያለች በሩን ደበደበች።

«ጠበቃው ነኝ፣» አለ ድምፅ ከውጭ። «ልጅቷ ልካኝ ነው። መርፌዬን አምጣልኝ ብላለች።»

«እንዴት ናት? መልኳስ?»

«መልኳ የሰው ነው።»

«ከንፈሯን አየኸው?»

«እህቴ፣ ከንፈሯ እየተናገረ ነው፤ እንደውም አላቆመም።»

እናት እጇን በሳሙና ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ቧንቧው ሲጫኑት ብቻ እንደ እንባ የምትወርድ ውሃ ስላለው ጊዜ ፈጀባት። ቦርሳውን በሶፍት ይዛ ከፈተችና መርፌዋን በሌላ ንጹሕ ሶፍት ጠቅልላ በሩን ስንጥር ያህል ከፈት አድርጋ አቀበለችው።

«አንድ ነገር ልበልዎት፣» አለ ጠበቃው። «የሰውን ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መውጋት በሕግ…»

«ፈቅጃለሁ! አሁን፣ ነገ፣ በፈለግህ ጊዜ!»

ከሩቅ የልጅቷ ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ካስፈለገ ራሴ ነኝ የምወጋው! እሱ እጄን ብቻ ይይዘኛል!»

«አትጠጊ! እዚያው ሁኚ!»

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ሰልፉ መጣ። የፊተኛው ሽንት ቤት ተበላሽቶ ኖሯል። በመጀመሪያ በትሕትና አንኳኩ፤ ቆይቶ ግን መደብደብ ጀመሩ።

«እህቴ፣ እኔ ስኳር አለብኝ፣ ልቆይ አልችልም!»

«ልክ ነዎት፣ ወንድሜ፣ ግን ከከፈትኩት አየሩ ይወጣል!»

ኮሚቴው በር ላይ ተሰበሰበ። ፈታሹ ውሳኔውን ጮክ ብሎ አሰማ። «ሽንት ቤቱ እንዲለቀቅ ኦቾሎኒው መጥፋት አለበት። ሰዉም ርቦታል። ስለዚህ ተከፋፍለን እንብላውና ይለቅ። ሆድ ውስጥ የገባ ነገር አየር ላይ የለም።»

እናት ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ኦቾሎኒ እየተነፈሰ፣ በልጇ ዙሪያ ታያት። ተነሳች። ክዳኑን አነሳችና አንድ እፍኝ ከተተች፤ ቁልፉን ተጫነች። ሽንት ቤቱ አገሳና ዋጠው።

«የምን ድምፅ ነው?» አለ ነጋዴው ከውጭ።

«ኦቾሎኒው ነው።»

«የእናቴ?»

አንድ እፍኝ ደገመች። ሽንት ቤቱ አገሳ። «ኧረ እህቴ! ኧረ በፈጠረሽ! እናቴ እኮ ሌላ ነገር አያምራትም!» እያለ ነጋዴው በሩ ላይ ተለጠፈ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ እፍኝ በእፍኝ ትልክ ጀመር። በየመሀሉ ሐሳቧ አልተዋትም። ቧንቧው ቢደፈንስ? አውሮፕላኑ በዚህ ምክንያት ቢወድቅስ? ወይም ደግሞ ኦቾሎኒው ወደ ምድር ቢዘንብና ታች ግቢዋ ውስጥ የምትጫወት የሌላ ሰው ልጅ አናት ላይ ቢያርፍ፣ እናቲቱ ሐኪም ቤት ሮጣ «ከሰማይ ነው የመጣው» ስትል ማን ያምናታል? ለማታውቃት ሴት አለቀሰች፤ እያለቀሰችም መላኳን አላቆመችም።

ከረጢቱ ሲራቆት ክንዷን እስከ ክርኗ ታጥባ በሩን ከፈተች። ባለ ስኳሩ ሰውዬ እንደ ንፋስ አልፏት ገባ። እሷ ወደ ልጇ ልትገሰግስ ስትል ፈታሹ እጁን ዘርግቶ አቆማት። ጎንበስ ብሎ እጅጌዋን አሸተተ።

«ኦቾሎኒ፣» አለ።

«ጨርሼዋለሁ እኮ! ሁሉንም!»

«እጅጌዎ ላይ፣ ፀጉርዎ ላይ፣ ቀሚስዎ ላይ አለ። ሁሉንም ፈትሻለሁ። በዚህ አውሮፕላን ውስጥ አሁን ኦቾሎኒ ያለባችሁ እርስዎና ነጋዴው ብቻ ናችሁ። ወደ ልጅቷ አያልፉም።»

«እናቷ ነኝ!»

«እናት ቢሆኑስ? አላደላም።»

ደሟ ፈላ። ልትገፋው እጇን ስታነሳ ግን እጅጌዋን አየችው። የተቆላ ኦቾሎኒ ቀይ ገለፈት፣ ስስ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ፣ የሹራቡ ጥለት ውስጥ ተሰክቷል። ይህን ለብሶ ወደ ልጇ ሊያልፍ የሚሞክር ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እግሩ ሥር ተኝታ ባስቆመችው ነበር።

«ትክክል ነዎት፣» አለች እጇን መልሳ። «እንዳያሳልፉኝ። ብለምንዎትም እንዳያሳልፉኝ።»

የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከነጋዴው አጠገብ አስቀመጧት። ከዚያ የሚታያት የልጇ አናት፣ የፀጉር ማስያዣዋና ትከሻዋ ብቻ ነበር። ጠበቃው መርፌዋን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እናት ዓይኗን ሳትነቅል የልጇን ትከሻ ትመለከታለች፤ ከፍ ሲል አብራ ትንፋሽ ታስገባለች፣ ዝቅ ሲል አብራ ታስወጣለች።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፈታሹ መተላለፊያውን ዘግቶ ልጅቷን ከሁሉም በፊት አሳለፋት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«እማዬ! አባዬ ‹እናትሽስ?› ሲለኝ ምን ልበለው?»

«ከኋላ ናት በዪው! ልብሷን ቀይራ ትመጣለች በዪው! አትጠብቂኝ፣ ሂጂ!»

ልጅቷ ሄደች። ጠበቃው ሻንጣዋን ይዞላት ተከተላት።

ሰው ሁሉ እስኪወርድ ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ ቀሩ። ነጋዴው ባዶ ከረጢቱን አጣጠፈው። «ደህና ልጅ አለችሽ፣» አለ በመጨረሻ። «ያንን ደረቅ ሰውዬ እንኳ ስታስቀው ነበር። እሷም ስትስቅ ነበር፣ መንገዱን ሙሉ።»

«ልጄ ስትስቅ ነበር?»

«እንዴ! እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር እኮ፤ አልሰማሽም?»

አልሰማችም። ትንፋሿን ስትከተል ነበር።