አማቴ መስመር ላይ ናቸው

ቁጡ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሚስቴ ተናግራብኝ ከምታሳፍረኝ ይሻላል። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ቀኑን ሙሉ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ስለምውል ሙቀቱ ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ የቀረ ይመስለኛል።

ወደዚህ አገር የመጣነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ አዋላጅ ነርስ የሆነችው ሚስቴና እናቷ። አማቴን የድሮ ሰፈራችን ሰው በሙሉ «ሴንትራል» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ያኔ ደዋይን ከተደዋይ በእጅ ገመድ እየሰኩ በሚያገናኙበት ዘመን። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጡረታው ግን ድምፃቸው ጋ አልደረሰም። «ጨው አቀብለኝ» ሲሉህ እንኳ ከባሕር ማዶ ጥሪ የመጣልህ ይመስልሃል።

የሚስቴ ሥራ በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። የሙያ ፈቃድ ፈተና አለባት፤ በቪዲዮ፣ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በራሷ ቤት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ በገመድ በገባ ኢንተርኔት። የስልክ ኢንተርኔት አይሆንም፣ ካፌ አይሆንም፣ የጓደኛ ቤት አይሆንም። የዓርቡ ካመለጣት ቀጣዩ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ስምንት ወር ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ዘመድ አይደለም። ሥራው ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዱም የለም። ባጭሩ፣ ዓርብ ጠዋት ኢንተርኔት ከሌለ ሻንጣችንን መልሰን ማሰር ነው።

የገባነው እሑድ ነው። «አምስት ቀን ሙሉ አለን፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አልኳት። እንዲህ የምለው ሁልጊዜ ሊበላሽ ሲል ነው።

ሰኞ ባንክ ሄድን። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ በፈገግታ ተቀብላን «የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ ይዛችኋል?» አለች።

«ምን ዓይነት?»

«የቤት ኢንተርኔት ወይም የስልክ ደረሰኝ ይበቃል።»

ኢንተርኔት ድርጅት ሄድን። ሰውየው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጠየቀን።

«ባንኩ እኮ የእናንተን ደረሰኝ አምጡ ነው የሚለው!» አልኩት።

«ልክ ነው» አለ ደስ ብሎት። የገባኝ ተማሪ ሆኜ ሊያጨበጭብልኝ ምንም አልቀረው።

ስልክ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ጠየቀን፤ ለጊዜው እጃችን የገባው አንድ የካርድ ሲም ብቻ ነበር። ስንወጣ «ጊዜዎን ይቆጥቡ፣ በድረ ገጻችን ይመዝገቡ» የሚል ወረቀት ሰጡን። ድረ ገጹ በምን እንደሚከፈት አልተጻፈም። ጠረጴዛውን ልመታ እጄን ሳነሳ ሚስቴ ብብቴ ሥር ቆነጠጠችኝ። የዚህ አገር ሰው ዘጠኝ ወረቀት ሲጠይቅህ የሚያናድደው መጠየቁ አይደለም፤ እየሳቀ መጠየቁ ነው።

ማክሰኞ ሆስፒታሉ «እኛ ዘንድ ትሠራለች፣ እዚህ ቤት ትኖራለች» የሚል ደብዳቤ ጻፈላትና ባንኩ ተሸነፈ። በዚያው ትንፋሽ ኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ሮጠን ተፈራረምን።

«ባለሙያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጣል» አለን ሰውየው። «ከዚያ በፊት ግን ደውለን እናረጋግጣለን። ካላረጋገጣችሁ ቀጠሮው ይሰረዛል።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሚስቴ ሥልጠና የምትወስድበት የማዋለጃ ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እኔም ረቡዕ የሙከራ ሥራ ልጀምር ነበር፤ በማሽኑ ጩኸት መካከል ስልክ ቢጮህ አልሰማም። ቀኑን ቤት የሚውሉት አማቴ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያለችንን አንዷን ስልክ ለእሳቸው ሰጠናቸው።

«እማዬ፣ ሲደወል አንሺና በቋንቋቸው እሺ በያቸው፤ በቃ» አለቻቸው ሚስቴ።

አማቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩአት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ረቡዕ ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ ቤት ስገባ ስልኳ ጠረጴዛ ላይ በታጠፈ ፎጣ ተንተርሳ ተኝታለች። አማቴ ፊት ለፊቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በል፤ መስመር ላይ ሰው አለ።»

ስልኳን አነሳኋት። መስመር ላይ ሰው ቀርቶ ዝንብ የለም። ሦስት ጊዜ ተደውሏል፤ መልሼ እንዳልደውል የድርጅቱ ሰዓት አልፏል።

«ምን አሏቸው እማማ?»

አማቴ የዚህን አገር ቋንቋ አይችሉም። በሥራ ዘመናቸው ለውጭ ጥሪ ያጠኗቸውን አራት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ግን እነዚያን አራቱን እዚህ የተወለደ ሰው እንኳ እንደሳቸው አይላቸውም። በመጀመሪያው ጥሪ «እባክዎ ይጠብቁ» ብለው ልጃቸውን ፍለጋ ደረጃ ድረስ ወርደዋል። በሁለተኛው «መስመሩ ተይዟል» ብለዋል። ሦስተኛው ሰው ብዙ ስላወራ «ሦስት ደቂቃዎ አልቋል» ብለው ዘግተውበታል። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ገና አልሄደም ብለው እስካሁን ሲጠብቁለት ነበር።

«እሺ ይበሉ ነው እኮ ያልነዎት!»

«ልጄ፣ ኦፕሬተር ታገናኛለች እንጂ አትወስንም» አሉኝ፣ እንደ ሕግ አንቀጽ ጠቅሰው። «በሰው ጉዳይ እሺ ብዬ ከሥራ ልባረር?»

«የምን ሥራ!» ብዬ ጮህኩ። ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ቀጠልኩ። «የሚባረሩበት ሥራ የለዎትም! ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ስልክ በእጅዎ እንዳይነኩ!»

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። አማቴ «እሺ ልጄ» ብለው ፎጣውን አጠፉና መስኮቱ ጋ ሄደው ተቀመጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስቴ ያን ማታ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው በበር አከፋፈት ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ስልኳን ይዤ ልወጣ ቆርጬ ነበር፤ ኩርፊያ ከቤት ሲያስወጣህ ግን ምን ትይዛለህ? ቻርጀር ላይ ትቻት ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ አለችኝ። ልመለስ ስል የሙከራ ሥራዬ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። «ደግሞ ቤት ሰው አለ አይደል፣ ከተደወለ እማማ ያነሳሉ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማታ ያልኩት ማታ ቀርቶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ አስፈቅጄ ባለሙያውን ልቀበል መጣሁ። አማቴ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ስልኳን እያዩ ተቀምጠዋል። አምስት ያልተነሣ ጥሪ፣ አንድ መልእክት። ቀጠሮው ተሰርዟል፤ አዲሱ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

«እማማ! አምስት ጊዜ!»

«አምስቱንም ቆጥሬያለሁ» አሉ። «አትንኩ አልከኝ፤ አልነካሁም።»

ሚስቴ ለፈተናው ዝግጅት ግማሽ ቀን ተፈቅዶላት ትንሽ ቆይታ ገባች። መልእክቱን አንብባ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። ብትጮህብኝ እወድ ነበር። እሷ ግን መጻሕፍቷን አንድ በአንድ መዝጋት ጀመረች። ይህች ሴት ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ እየተቀበለች ስትሠራ አንድ ቀን ተስፋ ስትቆርጥ አይቼ አላውቅም፤ አሁን ግን ቆረጠች፤ ያስቆረጥኳትም እኔ ነኝ።

ስልኳን አንሥቼ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ ጀመረ። ከሙዚቃው መካከል አንዲት የአውሮፕላን ውስጥ ማስታወቂያ የመሰለች ድምፅ «በወረፋው ስልሳ አራተኛ ነዎት» አለችኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ታገሥኩ። ስልሳኛ ሆንኩ። ተናድጄ ዘጋሁት። ደግሜ ስደውል ሰባ አንደኛ ነኝ! ተሳድቤ ዘጋሁት። በሦስተኛው ሰማንያኛ አደረጉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔን አይተው ነው።

አማቴ ከመስኮቱ ጋ ሆነው ያዩኛል። ድርጅቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ማንሣት ያቆማል፤ አሁን ዘጠኝ ሊሆን ነው። ኩራቴን ውጬ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ። እርስዎ ላይ መጮህ አልነበረብኝም። ይማሩኝ። ይህን ነገር ከርስዎ በቀር የሚችለው የለም።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቆሙኝ።

«ተነሥ፤ ብርሃኑን ጋርደኸዋል። ወንበሩን ወደ ሶኬቱ አምጣ። ውኃ፣ እርሳስ፣ ወረቀት። ለክርኔ ፎጣ። ስልኩን ደውልና ድምፁን ለሁላችን ከፍተህ ስጠኝ፤ ከዚያ ከወረፋው ቁጥር በቀር ማንም እንዳያወራኝ።»

ሰማንያ ሦስተኛ ነበሩ። ሰው እንዲህ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። ጀርባቸው አልተጎነበሰም፣ አልተነፈሱም ማለት ይቻላል። ወረፋው በተነገረ ቁጥር ሚስቴ ቁጥሩን ትተረጉምላቸዋለች፣ እሳቸው ወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ። እኔ ሽንት ቤት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ እሳቸው አልሄዱም። አሥር ሰዓት ላይ አርባ ስድስተኛ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዘጠነኛ። ሙዚቃው መቶ ጊዜ ተመላልሶ እኔን እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል እሳቸው በጣታቸው ምት ይመቱለት ነበር።

ለአሥራ ሁለት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሙዚቃው ቆመ። የሰው ድምፅ። ሠራተኛው አፉን ሳይከፍት አማቴ ቀደሙት፤ በዚያ በተወለወለ ድምፃቸው፣ በቋንቋው፦

«እባክዎ ይጠብቁ፣ እያገናኘሁዎት ነው።»

ሰውየው ጠበቀ! ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስጠብቅ ኖሮ ማን እሱን አስጠብቆት ያውቃል? ስልኩ ወደ ሚስቴ ተላለፈ። ፈተናዋን፣ ሥራዋን፣ የነገውን ጠዋት በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ሰውየው አዘነ፤ ግን ባለሙያ የለም፣ ሦስት ሳምንት አለ። የሚስቴ ፊት ሲወድቅ አማቴ ቋንቋው ሳይገባቸው ነገሩ ገባቸው። ስልኩን ተቀበሏት።

«እባክዎ ይጠብቁ።» መልሰው ሰጧት።

ሚስቴ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሰውየው እንደገና አይቻልም አለ። አማቴ እንደገና ተቀበሉ።

«መስመሩ ተይዟል፣ እባክዎ ይጠብቁ።» መልሰው ሰጧት።

በአራተኛው ዙር ሰውየው ሳቅ አመለጠው። «ይቅርታ፣ የደወላችሁት ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» አለ።

«ከቤት ነው» አለች ሚስቴ። «እናቴ ናት። እሺ እስክትሉኝ አትዘጋም።»

ከሰውየው ጀርባ ወንበር ሲገፋ፣ ሰዎች «ደኅና እደሩ» ሲባባሉ ይሰማል። አለቃውን ጠራ። አለቃው ሚስቴን ሳይሆን መጀመሪያ አማቴን አናግሮ፣ ጠብቆ፣ ተገናኝቶ፣ በመጨረሻ ነገ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በራሱ ኃላፊነት አንድ ሰው እልካለሁ አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኖ ነበር። አማቴ ስልኳን ዘግተው መጀመሪያ ያሉት «ሽንት ቤቱ ነፃ ነው?» ነው።

ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባለሙያው መጣ። ግድግዳውን በሳ፣ ገመዱን አስገባ፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት በራች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሶ ሲወጣ ልስመው ምንም አልቀረኝ፤ መሰላሉን በመካከላችን አደረገ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ፈተናው ሌላ ሰው አይፈልግም፤ እኔና አማቴ ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሙሉ ከጀርባችን የሚስቴ ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። ሲቆም እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።

«የትናንት ወዲያው ነገር አሁንም ያሳፍረኛል እማማ» አልኩ።

«ያሳፍርህ» አሉ። «ግን እውነትህን ነው፤ ሥራ የለኝም። እዚህ አገር ሳትፈለግ ቁጭ ማለት ነው ያስፈራኝ። ስልኩን ስትሰጡኝ ደስ ብሎኝ አብዝቼው ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው የኦፕሬተር አልነበረም። የእናት ነበር፤ የደከመች። ኮቴን አውልቄ ደረጃው ላይ አነጠፍኩላቸው።

በሩ ተከፈተ። ሚስቴ ዓይኗ ቀልቷል። ሁለታችንም ብድግ አልን፤ አማቴ እግራቸው ስለደነዘዘ ትከሻዬን ይዘው።

«አለፍኩ» አለች። «እዚያው ነገሩኝ።»

አማቴ እልል አሉ። ከላይ ፎቅ አንድ በር ተከፍቶ አንድ ጎረቤት ምን ፈረሰ ብሎ ወደ ታች አየን። ሚስቴ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስና ስትስቅ ቆየች፤ እኔ ተራዬን ስጠብቅ።

«መጨረሻ ላይ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ?» አለች። «ሥራው ከባድ ነው፣ እዚህ አገር የሚያግዝሽ ማን አለሽ? አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እናቴ አለች አልኩ።»

«እኔስ?»

ትንሽ አሰበች። «የአንተን ስም ሳነሣ ሰዓቱ አልቆ ነበር መሰለኝ።»

ቅር አላለኝም። ቅር እንዳይለኝም ወደ ውስጥ ገብቼ፣ ባለሙያው ግድግዳውን ሲበሳ ያራገፈውን አሸዋ መጥረግ ጀመርኩ።