ጽልመታም ሰማይ

ድንጋይ ቀራጩ ከዲሮ መሮውን እብነ በረዱ ላይ ደግኖ ቆመ። «ልቡ እንደ» የሚለውን ቀርጾ ጨርሷል።

«ጋሼ፣ ቃልዎት ይረዝማል፣ መሮዬን ጨረሱት እኮ! ለመሆኑ ‹ጽልመታም ሰማይ› ምንድን ነው?»

«ኮከብ የሞላበት ማለት ነው» አለ ፈቃደ። «የመጽሐፍ ቃል ነው።»

«እንዲህ ያለውን እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት፣ ጋሽ ፈቃደ» አለች ሸዋዬ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች።

ባሏ ገብረ መድህን በአቦምሳና በአሰላ መካከል እህል ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይቶ አያልፍም። የእድሩ ጸሐፊ ፈቃደ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በቀብሩ ላይ አነበበ። «ልቡ እንደ ጽልመታም ሰማይ ነበር» ሲል ሸዋዬ ከለቅሶዋ መካከል ቀና ብላ አየችው። ሌላውን ሁሉ ትታ ይህችን ብቻ መቃብሩ ላይ ካላስቀረጽኩ አለች።

የእህቷ ልጅ ዓይናለም ኦጎልቾ ታስተምራለች። ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ዛሬ ጠዋት ደርሳ አብራቸው ወደ ከዲሮ መጣች። የሚቀረጸው ቃል የተጻፈበትን ወረቀት አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ አቀረቀረች።

ፈቃደ አያት። ወደ በሩ ወሰዳት።

«ምን አየሽ?»

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ።»

«ተናገሪ።»

«ጽልመት... ጨለማ ማለት ነው። ድቅድቅ ጨለማ።»

ፈቃደ ጆሮ ግንዱ ድረስ ጋለ። ቃሉን የያዘው ከሬዲዮ ትረካ ነው። ሁለት ፍቅረኞች በጽልመታም ሰማይ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ፍቅረኛ የሚቀመጥበት ሰማይ መቼም ያማረ ነው ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ወሰደው። በቀብሩ ላይ ቄሱ ድንገት ቀና ማለታቸው፣ ከኋላ የቆሙት አስተማሪዎች መንሾካሾካቸው ትዝ አለው። አድናቆት መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር ያነበበው። ያን ደግ ሰው አስከሬኑ ፊት ቆሞ ልበ ጨለማ ብሎታል።

«ድንጋዩ አልበቃም እንበላት» አለች ዓይናለም በሹክሹክታ። «‹ልቡ እንደ ሰማይ› ይባልና ይብቃ። ማን ያውቅብዎታል?»

ጥሩ መላ ነበር። እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ከውስጥ ሸዋዬ ለከዲሮ ስታወራ ሰማ።

«ልጆቼን አስጠንቻቸዋለሁ። አባታችሁ ምን ነበር ስላቸው፣ ‹ጽልመታም ሰማይ› ይሉኛል።»

ፈቃደ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«መሮህን አስቀምጥ፣ ከዲሮ። ሸዋዬ፣ ቁጭ በይ። ቃሉን ሳላውቀው ነው የተናገርኩት። ጨለማ ማለት ነው።»

ሸዋዬ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች።

«በቀብሩ ላይ ታዲያ... ልቡ ጨለማ ነበር ነው የተባለው?»

«እንደዚያ ነው ያልኩት።»

«ሰው ሁሉ ፊት?»

«ሰው ሁሉ ፊት» አለ ፈቃደ። «እሑድ እድርተኛው ሲሰበሰብ ልጆቹን ይዘሻቸው ነይ። ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ ተሳስቼ ነው ብዬ ቃሌን አነሣለሁ።»