ሰባት ክዳን ያለው ሳጥን

ሐኪሟ የደም ምርመራዬን ውጤት አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየችና «መድኃኒቱን እየወሰዱ አይደለም» አለችኝ። ጥያቄ እንኳ አይደለም፣ ፍርድ ነው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም!»

ልብስ ሰፊ ነኝ። ለደንበኞቼ በቀጠሮ ቀን ዋሽቼ አውቃለሁ፣ የማይዋሽ ልብስ ሰፊ ካለ አሳዩኝ። በመድኃኒቴ ግን አልዋሸሁም። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም ዘወትር እነግራታለሁ፣ አትሰማኝም» አለ።

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኪኒኑ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሆዴን አተራመሰው፣ ከዚያ ተላመድን። ባሌ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ያለ እሱ ፊርማ ምስማር አትወጣም። ቤትም ያው ነው። ሰባት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ገዛልኝ፣ በየክዳኑ ሥር የአንድ ቀን የጠዋትና የማታ ኪኒን። ኪኒኑን ከፋርማሲ የሚያመጣው እሱ፣ እሁድ እሁድ ሳጥኑን የሚሞላው እሱ። የኔ ሥራ ከምግብ በኋላ ክዳን ከፍቶ መዋጥ ብቻ። የሥራ ባልደረቦቼ «ታድለሽ!» ሲሉኝ እኔም እኮራ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

የመጀመሪያው ዓመት ስኳሬ ወረደልኝ። ከዚያ ባለፉት ስምንት ወራት ሽቅብ ወጣ። ዳቦ ቀነስኩ፣ በየማታው በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፣ ስኳሩ ጭራሽ ይጨምራል። ባሌ «ሥራ ቦታ ተደብቀሽ ጣፋጭ ትበያለሽ» አለኝ። አንድ ቀን የሥራ ቦርሳዬን ሲበረብር ደረስኩበት። መቀስና ሜትር እንጂ ምን ያገኛል? እሱ ግን ሌላ ከተማ ላለችው ልጃችን ደወለላት። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ለራስሽ ባታዝኚ ለእኛ እዘኚ» ብላ አለቀሰችብኝ። ስምል ስገዘት የሚያምነኝ ጠፋ። እንዲያውም «በእንቅልፍ ልቤ እየበላሁ ይሆን?» ብዬ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ወር ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ። በግራ ዓይኔ እንደ ፀጉር ያለ ጥቁር ነገር ይንሳፈፋል። የዓይን ሐኪሙ ዓይኔ ውስጥ ከኋላ በኩል ደም እየፈሰሰ ነው፣ ስኳሩ ካልወረደ ቀኙም ይከተላል አለኝ። ዓይን የሌለው ልብስ ሰፊ ምን ይሠራል?

እንግዲህ ዛሬ ሐኪሟ «መድኃኒቱን ይዘውታል?» ስትለኝ ሳጥኔን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩላት። ይኸው፣ እዪው! አንዱን ኪኒን አንስታ ገልብጣ አነበበች። ሌላ ክዳን ከፈተች፣ ሌላም።

«ይሄ የስኳር መድኃኒት አይደለም። ቫይታሚን ነው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ከወራት በፊት ኪኒኑ መልኩን ሲቀይር ባሌ «የሌላ ፋብሪካ ነው» ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ዞሬ ሳየው ጫማውን ያያል።

«ሥራ ቦታ አንዱ...» አለ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ወንድሙ የስኳሩን ኪኒን ሲውጥ ኖሮ ኩላሊቱ ተበላሸ አለኝ። ኩላሊትሽን ላተርፍ ብዬ ነው።»

«ኩላሊቷን እኮ እየመረመርን ነው ስንሰጣት የኖርነው፣ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ። «ኩላሊትንም ዓይንንም የሚጎዳው ያልተቆጣጠሩት ስኳር ነው። ምነው ቢጠይቁኝ?»

እኔ ግን እሱን ነበር የምሰማው።

«እሺ፣ ፈራህ። ፍርሃትህን ይቅር ልበልህ። ቦርሳዬን ስትበረብር ምን ነበር የምትፈልገው? ምን እንደምውጥ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ! ልጄን ስታስለቅስብኝ፣ አሁን እዚህ ‹አትሰማኝም› ስትል፣ ትንሽ አታፍርም?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ ኪኒኑን ከትንሹ መጠን እንደገና እንድጀምር ማዘዣ ጻፈችልኝ። ለዓይኔ የሌዘር ጨረር ሕክምና ማክሰኞ ነው። የግራው ወደ ነበረበት ይመለስ እንደሆነ ስጠይቃት «ቃል አልገባልዎትም፣ ቀኙን ግን እናተርፋለን» አለችኝ።

ባሌን ኮሪደሩ ላይ አስቆምኩት። «ለልጅህ ደውል። እናትሽ አልዋሸችም በላት። ያደረግከውን ንገራት፣ እኔም ልስማ።»

ደወለ። እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገልኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ እውነቷን ኖሯል» አለ። እፎይ ልል ስል ቀጠለ፤ «ፋርማሲው ነው ጉድ የሠራን፣ ተሳስቶ ቫይታሚን ሲሰጠን ኖሯል።»

ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሲዋሽ ድምፁ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያኔ ነው። እውነት ሲናገር ከሚሰማው ምንም አይለይም።

ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ፋርማሲው አይደለም ልጄ። አባትሽ ነው፣ እያወቀ። ማክሰኞ ለዓይኔ ቀጠሮ አለኝ፣ ነይና አንቺ ውሰጂኝ።»

«እኔስ?» አለ ባሌ።

«አንተ አትመጣም» አልኩት፣ ማዘዣዬን ይዤም ብቻዬን ወደ ፋርማሲው ሄድኩ።