የዊረሙ ቆዳ

ኮራሊ አንድ ክንፍ ላይ ስድስት ዓመት አፍጥጣለች። ሜልበርን ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ፣ የነፋስ ዋሻው፣ ክንፍ በትልቅ ማራገቢያ ነፋስ የሚፈተንበት ቦይ፣ ካለበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ። ክንፉ እንደ ሌላው አውሮፕላን ክንፍ ቁርጥራጩ በማጠፊያ የተያያዘ አይደለም፤ የኋላ ጠርዙ ራሱ እንደ ዓሣ ጅራት ይጎብጣል፣ ይቃናል። ከውስጥ ሆነው የሚያጎብጡትን አጥንቶች አንድ በአንድ የሠራችው እሷ ናት። ያስቸገራት ልብሱ ነበር። ያለበሰችው ነገር ሁሉ ወይ ይሸበሸባል፣ ወይ ይቀደዳል።

በኋላ ሥራው የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ይሁን ተባለና ከኒውዚላንድ፣ ከክራይስትቸርች፣ ዊረሙ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቤት የሚሞላ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች የተወለደ ነው። ራሱ ሠርቶ፣ ጠቅልሎ ያመጣው ሰው ሠራሽ ቆዳ ባንድ በኩል እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ በሌላው በኩል ንቅንቅ አይልም። አጥንቱን ያለበሱት ዕለት ክንፉ ጎበጠ፣ ቀና፣ አንዲት ሽብሽብ አልወጣውም። የቡድኑ አለቃ ፕሮፌሰር ግሌኒስ፣ ምስጋና ከአፏ የማይወጣ ሴትዮ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችና «ይኸው፣ አሁን ክንፍ ሆነ» አለች።

አሁን ክንፍ ሆነ! ታዲያ እስካሁን ምን ነበር፣ የዶሮ አጥንት? ኮራሊ ፈገግ አለች፣ አጨበጨበችም። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ሰውየው የሚያደርገው ሁሉ ያንገበግባት ጀመር። ቴክኒሺያኖቹ ከሰው ይልቅ በግ ከሚበዛበት አገሩ ስንት በግ ጥሎ እንደመጣ እየጠየቁ ሲያሾፉበት፣ በጎቹ ቢያንስ ሲናገር ያዳምጡታል ብሎ ይመልሳል፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሷ እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ስትቀልድ እንዲህ የሳቀላት አለ? ግሌኒስ እንኳ ሻይ ስታፈላ ለእሱ ብስኩት ታስቀር ጀመር። ብስኩት ያስቀናል ወይ አትበሉኝ። ያስቀናል።

ይሄ ሁሉ ቢቀር ግድ አልነበራትም። ዋናው ነገር በረራው ነው። በየካቲት ክንፉ በነፋስ ዋሻው ውስጥ በእንግዶች ፊት ሊፈተን ነበር። ካለፈ ሰው አልባ አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ ገጠር ካለው ሜዳ ይበራል፤ በረራውን የሚመራው ደግሞ ከእሷና ከዊረሙ አንዳቸው ናቸው። ግሌኒስ ከፈተናው በኋላ እነግራችኋለሁ ብላለች። ኮራሊ ያንን ክንፍ ሰማይ ላይ የምታየው የሌላ ሰው ረዳት ሆና ከሆነ፣ ባይበር ትመርጣለች።

ለፈተናው አዲስ ቆዳ የተለጠፈው በዋዜማው ነው። ያን ቀን ፀሐይዋ ጭንቅላት ትበሳ ነበር። ወደ ግቢው በሚያስወጣው በር አጠገብ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያለበት ትልቅ ጠርሙስ ተሰቅሏል፤ ለምሳ የሚወጣ ሁሉ ጫን፣ ጫን አድርጎ ፊቱንና አንገቱን ይቀባል። ዊረሙ መዳፉ ሙሉ ቀድቶ ሲለቀለቅ ኮራሊ ከኋላው ተሰልፋ ታየው ነበር። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጠረጴዛው ጋ ቀድሟት ቆሞ፣ ቆዳውን በባዶ እጁ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ሲወጥር ደረሰች።

በዚያ ክሬም የተነካ ነገር ማጣበቂያ አይዘውም። ቅባቱ ሥር ይገባና ለጊዜው የያዘ መስሎ፣ ነፋስ ሲያገኘው ይላጣል። እሱ በመጣ በመጀመሪያው ቀን የነገረችው ራሷ ናት። አሁንም ጓንት ብትለው በቂ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ከዚያ የግሌኒስ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ፤ አሁን ክንፍ ሆነ። ዋጠችው። ይለጥፍ፣ አለች በልቧ፤ ነገ ይላጥበትና ያን ድንቅ ቆዳውን ሁሉም ይየው።

ክንፉን ከመሀል ተካፈሉት፤ ቀኙን እሱ፣ ግራውን እሷ። እሱ ስለ እናቱ የጓሮ ድንች እያወራ ይለጥፋል፤ እሷ እህ እያለች ጣቶቹን ታያለች። የትኛውን ጥግ እንደነካ፣ የቱ ጋ እንደጫነ፣ አንዱም አላመለጣትም።

በማግስቱ እንግዶቹ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሙ። ማራገቢያው አጓራ። ክንፉ ቀስ ብሎ ጎበጠ፣ ቀና፣ እንደገና ጎበጠ፤ የምር ያምር ነበር። ኮራሊ ዓይኗን ከቀኙ ጠርዝ አልነቀለችም። አሁን ይላጣል፣ አሁን። ቀኙ ፍንክች አላለም። ነፋሱ ተጨመረ። ድንገት ሰው ሁሉ «ውይ» አለ፤ እሷ ገና ቀኙን ነበር የምታየው። ዞር ስትል የግራው ቆዳ ከጫፍ እስከ መሀል ተልጦ፣ ገመድ ላይ እንደተረሳ አንሶላ ይርገበገባል።

ማራገቢያው ቆመ። እንግዶቹ ሻይ ይጠጡ ተብለው ወጡና ሦስቱ ክንፉ ጋ ቀሩ። ግሌኒስ የተላጠውን ቆዳ ገለበጠችው። ማጣበቂያው ላይ ቅባት የነካቸው ቦታዎች ያብለጨልጫሉ፤ የጣት አሻራ ናቸው፣ ቀጫጭን ጣቶች። ኮራሊ እጆቿን ኪሷ ከተተች። ክሬሙን ከልጅነቷ ጀምሮ ሳታስበው ነው የምትቀባው፤ ትናንትም ከዊረሙ ቀጥላ ተቀብታለች። ያለ ጓንት ነክታ የማታውቀውን ቆዳ፣ የእሱን ጣቶች ስትጠብቅ የራሷን ረስታ በባዶ እጇ ለጥፋዋለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ዊረሙ። ከምሳ በኋላ እጁን ታጥቦ እንደነበር፣ ጓንት ግን እንዳላደረገ፣ ምናልባት ቅባቱ በመጥረጊያ ጨርቁ ወደ ግራ ሳይሻገር እንዳልቀረ ተናገረ። «ኮራሊ ገና የመጣሁ ቀን ነግራኝ ነበር። አጥንቱንም የምታውቀው እሷ ናት። በረራውን ለእሷ ስጪያት ግሌኒስ፣ ባይበላሽም ይሄንኑ ልልሽ ነበር።»

ግሌኒስ ትንሽ አሰበችና ይሁን አለች። አለቀ። ስድስት ዓመት የተመኘችው ነገር እጇ ገባ። ኮራሊ ግን ደስ አላላትም፤ ፊቷ ጋለ። ምነው ክፉ ሰው በሆነልኝ አለች በልቧ። በዚህ ሁሉ ወር እሱ ከማንም ጋር አልተፎካከረም፤ ብቻዋን ስትቃጠል ከርማለች። አሁን ደግሞ በደግነቱ ቀናችበት፤ ይሄ ሌላ ጉድ ነው።

«ጨርቅህን አልነካሁትም» አለችው።

«እንዴት?»

«አሻራው የኔ ነው። እጄን አልታጠብኩም፣ ጓንትም አላደረግኩም።» እዚህ ላይ ብታቆም ማንም የሚጠይቃት አልነበረም። «አንተም ጓንት እንዳላደረግህ አይቻለሁ። ዝም ያልኩህ ያንተ እንዲላጥ ፈልጌ ነው።»

ግሌኒስ መነጽሯን አወለቀች። ኮራሊ ዊረሙ እንደ ልማዱ ቀልዶ ያልፈዋል ብላ ጠበቀች። አልቀለደም። ቀኙን ጠርዝ፣ ያልተላጠውን፣ በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ።

«የኔ ብቻ ተልጦ ቢሆን ኖሮ» አላት፣ «ያንቺ ግማሽ ብቻውን ሊበር ነበር?»